ከፍሪሲዮን ቤት የተረፈችው ሮንዴላ የየት ናት?

የሞተር ሳይክል ኢንጂን ፈትቶ የገጠመ ሰው ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። የቀኙ ሽፋን ሊዘጋ ነው። ከሽፋኑ ሥር ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ የሚያደርገው ጓርኒሲዮን ተዘጋጅቷል፣ ቡሎኖቹ ተደርድረዋል። ካርቶኑ ላይ ግን አንዲት ሮንዴላ፣ መሃሏ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት፣ ቁጭ ብላለች። አንዱ "ተዋት፣ ያለሷም ይሠራል" ይላል። ሌላው ዘንጉ ላይ ልክ ስለሆነች ብቻ ዳዶው ሥር ይከታታል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ኮሎው (ፒስተኑ የሚያሽከረክረው የኢንጂኑ ዋና ዘንግ) ፍሪሲዮኑን በሚያዞርበት በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ የገባ ዕቃ የለም። እያንዳንዷ ሮንዴላ የምትጠብቀው ክፍተት አላት። ክፍተቱ ሲዛባ ፍሪሲዮኑም ማርሹም ይታመማል።

የገጠመኝ ያማሃ ኤጂ 100 ላይ ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ፣ 97 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ለእርሻና ለገጠር መንገድ ተብሎ የተሠራ ሞተር ሳይክል ነው። ካቴናው ሙሉ በሙሉ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃና አቧራ በቀላሉ አያገኘውም። ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለው ዘይት ለብቻ፣ የካምቢዮና የፍሪሲዮን ዘይት ደግሞ ለብቻ ነው። ገጠር የሠራ ሰው ይህን ሞተር ሳይክል ሳያየው አይቀርም። በደንብ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ልፋት ይገባዋል ባይ ነኝ።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ሠፈራችን አንድ ነው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሞተር ሳይክላቸውን የሆነ ጋራዥ ፈትቶት ሳይጨርሰው ቆየ። እሳቸውም መጠበቅ ሰልችቷቸው ኢንጂኑን እንደተከፈተ፣ ዕቃውን በፌስታል ሞልተው ወደ እኔ አመጡት። እኔ ሥራዬ ሌላ ነው፤ ግን ሞተር ሳይክል መጠገን እወዳለሁ፣ ከሥራ በኋላ የማሳልፈውም በዚሁ ነው።

ፌስታሉን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ምን ነበር የሚያመው?"

"መጀመሪያ ጉልበት አጣ። ጋዝ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ዲስኮቹ አልቀዋል ብለው ቀየሩልኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ፍሪሲዮን ይዤ እንኳን ይጎትተኛል። ቆሜ አንደኛ ሳስገባ ይጠፋል። ዜሮ ማርሽማ አልገኝ አለ።"

ይህ መልስ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነበር። መጀመሪያ የነበረው ችግር የፍሪሲዮን መንሸራተት ነው። ዲስክ ሲያልቅ የሚመጣ ነው፣ ዲስክ መቀየሩም ትክክል ነው። ከቅያሬው በኋላ የመጣው ግን ተቃራኒው ነው፤ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ብሏል። ጤነኛ የነበረ ነገር ከተፈታ በኋላ ከታመመ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አገጣጠሙ ላይ ነው። ስለዚህ የተረፈ ዕቃ ስታገኙ ከዕቃው በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ከመፈታቱ በፊት ምን ነበረው፣ ከተገጠመ በኋላስ ምን መጣ?

ዕቃውን ሁሉ ካርቶን ላይ ዘረገፍኩት። ትልቁን ጥርስ የያዘው የፍሪሲዮን ቤት አለ። ውስጡ የሚገባውና ከካምቢዮ ዘንጉ ጋር የሚዞረው መሃለኛ ክፍል፣ ሀቡ፣ አለ። አዲሶቹ ዲስኮች፣ ብረት ሳህኖቹ፣ ሞላዎቹ፣ መግፊያው አሉ። ከካምቢዮ ዘንጉ ላይ አንድ ሮንዴላና ቱቦ መሳይ የብረት ቡሽ እንደተሰኩ ናቸው። እነዚህን ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ሳሲዝ ሁለት ነገሮች ተረፉ። አንደኛዋ ጠፍጣፋ፣ ወፈር ያለች ሮንዴላ ናት። ሁለተኛው ትንሽ ሰርክሊፕ፣ ዘንግ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ የሚገባ ክፍት የብረት ቀለበት፣ ነው። ስለሰርክሊፑ በኋላ እመለሳለሁ።

ሮንዴላዋን ከማየታችን በፊት አደራደሩን እንወቅ፤ ያለዚያ ምልክቱ አይነበብም። ኮሎው ጫፍ ላይ ትንሽ ጥርስ አለ። በግማሽ ጨረቃ ቁራጭ ብረት ተቆልፎ ከኮሎው ጋር ይዞራል። እሱ የፍሪሲዮኑን ቤት ትልቅ ጥርስ ያዞራል። ቤቱ ካምቢዮ ዘንጉ ላይ አልተቆለፈም፤ በቡሹ ላይ እንደልቡ ይዞራል። ሀቡ ግን በጥርስ ከዘንጉ ጋር ተቆልፏል። ፍሪሲዮን ስንይዝ ዲስኮቹ ይላቀቃሉ፤ ቤቱ መዞሩን ይቀጥላል፣ ሀቡና ዘንጉ ይቆማሉ። እንግዲህ በቤቱና በሀቡ መካከል ነፃነት የግድ ነው።

ይህ ነፃነት ከየት ይመጣል? ከኋላ ሮንዴላ አለ፣ ቀጥሎ ቡሹ፣ ቀጥሎ የፊት ሮንዴላ፣ ቀጥሎ ሀቡ፣ ከዚያ ጆሮ ያላት መቆለፊያ ሮንዴላ፣ መጨረሻ ላይ ዳዶው። ዳዶው ሲጠብቅ ይህ ሁሉ እርስ በርሱ ተጨምቆ አንድ አካል ይሆናል። ነፃ የሚቀረው ቤቱ ብቻ ነው። ምክንያቱም ቡሹ ከቤቱ የመሃል ውፍረት በፀጉር ያህል ይበልጣል። ጭምቁን የሚሸከመው ቡሹ ነው። ቤቱ በሁለቱ ሮንዴላዎች መካከል በዚያች ፀጉር በምታህል ትርፍ ይንሳፈፋል። ከሁለቱ አንዷ ብትጎድል ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ተረፈችው እንመለስ። አልወለወልኳትም፣ በቤንዚንም አላጠብኳትም። ይህን አደራ እላለሁ፤ ያልታወቀ ዕቃ ከመታጠቡ በፊት ነው መታየት ያለበት። ሌሎቹ ዕቃዎች ዘይት ያንጠባጥባሉ። እሷ ግን ደረቅ ናት። ጠርዟ ላይ ቀላ ያለ የዝገት ጅማሬ ይታያል። ዘይት ውስጥ የሚኖር ብረት አይዝግም። ስለዚህ ኢንጂኑ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠራ እሷ ውስጥ አልነበረችም ማለት ነው።

"ጋሼ፣ ይህቺ ሮንዴላ ከየት መጣች?"

"እሷማ የቆየች ናት። ያኔ ዲስክ ሲቀየር የፍሪሲዮኑንም ቤት አውጥተው አጥበውት ነበር። ሲጨርሱ ትርፍ ናት ብለው ሰጡኝ። ከመሳሪያዬ ጋር አስቀምጫት ነው።"

ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ጠነከረ። ግን የባለቤት ትዝታ ብቻውን አይበቃም፤ ሮንዴላዋ የዚህ ኢንጂን መሆኗ ራሱ መረጋገጥ አለበት። በር ላይ ወጥቼ ፀሐይ ላይ አጋደልኳት። ይህን በአምፖል ብርሃን አትሞክሩት፤ ቀጭን ጭረት የሚታየው ብርሃን በጎን ሲመታው ነው።

አንደኛው ፊቷ ላይ ሁለት ቀለበቶች አሉ። ከቀዳዳው ጠርዝ የምትጀምረው ጠባቧ ቀለበት ደብዛዛ ናት። ፋብሪካ ሲቆርጣት የቀረው የማሽን ምልክት እንኳን አልጠፋም። ከሷ ወዲያ ያለው ሰፊው ቀለበት ግን ያብረቀርቃል፤ ክብ ክብ የሆኑ ቀጫጭን ጭረቶች አሉበት። ጥፍሬን ሳስኬድባት በሁለቱ መካከል ትንሽ ደረጃ ይሰማኛል። ገለበጥኳት። በዚህኛው ፊት ምንም የተፋተገ ነገር የለም። ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ እኩል በእኩል የተራራቁ ጥቃቅን የጥርስ አሻራዎች ተጭነውበታል።

ይህ ሁሉ ይነበባል። ደብዛዛዋ ቀለበት ቡሹ ተጭኗት የኖረችበት ቦታ ናት፤ ተጨምቃለች እንጂ አልተፋተገችም። የሚያብረቀርቀው ቀለበት የቤቱ መሃል እየዞረ ያሻሸው ነው። ከጀርባዋ ያለው የጥርስ አሻራ ደግሞ የሀቡ ነው፤ ሀቡ ዘንጉን የሚይዝበት ውስጣዊ ጥርስ እሷ ላይ ተኝቶ ኖሯል። በአንድ ፊቷ ቡሽና ቤት፣ በሌላው ፊቷ ሀብ! እንዲህ ያለ ጎረቤት የሚገኝበት ቦታ ኢንጂኑ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቤቱና በሀቡ መካከል ነው። የኋላዋ ብትሆን ኖሮ ጀርባዋ ላይ የሚታየው የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት አሻራ ነበር። እሱ ደግሞ ጥርስ የለውም፤ ለስላሳ ክብ ነው።

የሷን ቃል ካገኘሁ በኋላ የጎረቤቶቿን ቃል ፈለግኩ። የፍሪሲዮኑን ቤት ወለል በጨርቅ ጠርጌ አየሁት። አዲስ የተፋቀ፣ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ቀለበት አለበት። የሀቡ ጀርባም በዚያው ልክ ተፍቋል። ሀቡ የሮንዴላዋን ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ የቤቱን ወለል ሲፍቅ ከርሟል። ፌስታሉ ሥር የተጠራቀመውን ዘይት በጣቴ አሸሁት፤ የአሉሚኒየም ብናኝ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ጋሼን ይጎትታቸው የነበረው ይኸው ነው። ዲስኮቹ ቢላቀቁም ቤቱና ሀቡ ራሳቸው ተነካክተው ይዞሩ ነበር። ፍሪሲዮን ሽቦውን ምንም ያህል ቢያጠብቁት ይህ አይድንም።

እዚህ ላይ ደርሶ እንኳን መሞከር ይገባል። ያለ ዲስክና ያለ ሞላ ሁለቱንም አደራደር ገጥሜ አየሁ። መጀመሪያ ያለ ሮንዴላዋ አድርጌ ዳዶውን ቀስ እያልኩ ያዝኩ። ቤቱን በእጄ ሳዞረው መጀመሪያ ይሄድ ነበር፤ ዳዶው እየጠበቀ ሲመጣ ከበደ፣ ከዚያም ሀቡን ይዞት መዞር ጀመረ። ፈታሁት። ሮንዴላዋን የሚያብረቀርቀውን ፊቷን ወደ ቤቱ አድርጌ መለስኳት። ዳዶው ሙሉ በሙሉ ከጠበቀ በኋላም ቤቱ በአንድ ጣት ይዞራል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳንቀሳቅሰው ለመሰማት ያህል ብቻ ክፍተት አለው። ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ሽፋን ዘግቶ፣ ዘይት ሞልቶ፣ መንገድ ላይ ከመቅረት ይሻላል። የፍሪሲዮን ቤት ያወጣችሁ ሁሉ፣ ትርፍ ዕቃ ባይኖራችሁም አድርጉት።

ምልክቷ እንዲህ ግልጽ ያልሆነች ሮንዴላ ብታጋጥማችሁስ? ያኔ የፋብሪካው የዕቃ ካታሎግ ነው የሚያድነው። ያማሃ የብዙ ሞዴሎቹን ሥዕላዊ ካታሎግ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ሥዕሉ ላይ ዕቃው ሁሉ ተበትኖ በቅደም ተከተል ተሰድሯል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ማንበብ ከቻላችሁ ደግሞ ብዙ ነገር ይናገራል። በ90201 የሚጀምር ጠፍጣፋ ሮንዴላ ነው። በ90215 የሚጀምር ጆሮዋ የሚታጠፍ መቆለፊያ ሮንዴላ ናት። በ90387 የሚጀምር ቱቦ መሳይ ኮላር ነው። 93210 ደግሞ ክብ ጎማ፣ ማለትም ኦሪንግ ነው። ከሰረዙ በኋላ የሚመጡት ሁለት አኃዞች ብዙውን ጊዜ የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር ናቸው። ለምሳሌ 90201 ብሎ ከሰረዙ በኋላ 17 ካለ፣ ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮንዴላ ፈልጉ። በካሊፐር ውስጡን፣ ውጩንና ውፍረቱን ለክታችሁ ከሥዕሉ ጋር ካመሳከራችሁ የሚቀረው ግምት ትንሽ ነው። ዕቃ ለመግዛት ስትሄዱም ቁጥሩን ጽፎ መያዝ "እንዲህ ያለች ክብ ነገር" እያሉ ከመከራከር ያድናል።

በዚህ በቀኙ ክፍል ውስጥ ሮንዴላ ብቻ አይደለም የሚተርፈው። ሁለት ነገር በተለይ ልብ በሉ። አንደኛው የብረት ኳስ ነው። በብዙ አሮጌ ያማሃዎች ካምቢዮ ዘንጉ ውስጡ ክፍት ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ቀጭን ዘንግ በውስጡ ያልፋል፣ ኳሷም እዚያው መስመር ላይ ትቀመጣለች። ዘንጉ ሲጋደል ተንከባላ ትወጣለች፤ ሰዎች የኩሽኔታ ኳስ ይመስላቸውና ይደነግጣሉ። ካልተመለሰች መግፊያው ያጥራል፣ ፍሪሲዮን እጀታውም ባዶውን ይሳባል።

ሁለተኛው በብዙ ባለ ሁለት ስትሮክ ኢንጂኖች ኮሎው ላይ፣ ከትንሹ ጥርስ ኋላ የሚገባው አጭር ኮላር ነው። ይህን መለየት ቀላል ነው። የውጭ ገጹ ላይ ዙሪያውን የሄደ አንድ ቀጭን የሚያበራ መስመር አለው፤ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ የኦይል ሲሉ፣ ከንፈር የተፋተገበት ነው። ይህ መስመር ያለበት ዕቃ ፈጽሞ ትርፍ ሊሆን አይችልም። እሱ ወይም ከሥሩ ያለው ኦሪንግ ከተረሳ ኢንጂኑ የካምቢዮ ዘይቱን እየሳበ ያቃጥለዋል። ጭሱ ነጭ ይሆናል፣ ካንዴላው በዘይት ይርሳል፣ የካምቢዮ ዘይት ደግሞ የሚፈስበት ሳይታይ ይጎድላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀይራል፤ በከንቱ ነው።

ሰርክሊፑን በተመለከተ፣ ለእሱም ያንኑ ፍተሻ አደረግኩለት። ሰርክሊፕ ያለ ቦይ አይኖርም። ስለዚህ በቀኙ በኩል ያለውን ዘንግ ሁሉ፣ የኪኩንም የዘይት ፓምፑንም፣ እየዞርኩ ባዶ ቦይ ፈለግኩ። ሁሉም ቦይ የራሱን ሰርክሊፕ ይዟል። ካታሎጉ ላይም በመጠኑ የሚገጥም ሌላ የለም። ከዚያ በላይ ሰርክሊፑ የተቀባው የካምቢዮ ዘይት ሳይሆን ጥቁር ግሪስ ነው፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ግሪስ የሚባል ነገር የለም። ከሌላ ማሽን ወድቆ ፌስታሉ ውስጥ የገባ ነው። ለጋሼ ይህንን አሳይቼ ለብቻው ሰጠኋቸው። ዕቃ ሁሉ የግድ ቦታ አለው ብሎ መክተትም ልክ አይደለም። ባዶ ቦታ ካልተገኘ፣ ካታሎጉም ካላወቀው፣ የተቀባው ቅባትም ከሌላ ዓይነት ከሆነ የዚህ ኢንጂን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው መግጠም የተለመደ ነው። የተፋቀውን የቤቱን ወለልና የሀቡን ጀርባ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ብናኙን አጠብኩ፤ ፍቀቱ ጥልቅ ቢሆን ኖሮ መቀየር ነበረበት። ዳዶውን ሳጠብቅ ቤቱና ሀቡ አብረው እንዳይዞሩ ሀቡን የሚይዝ መሣሪያ ተጠቀምኩ። ካቻቢቴ ጥርስ መሃል መሰካት የተለመደ ቢሆንም እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ አንድ ጥርስ ከጫፉ ከተሸረፈ የሚመጣው ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የመቆለፊያ ሮንዴላዋን ጆሮ በአዲስ በኩል አጠፍኩ። አንዴ የታጠፈ ጆሮ ደግሞ ቢታጠፍ ይሰበራል፤ ያልታጠፈ ጆሮ ከሌላት ሮንዴላዋ ራሷ ትቀየር። ዲስኮቹን ዘይት ውስጥ ነክሬ አስገባሁ፤ ሞላዎቹን በመስቀል እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ። ሽፋኑን ከመዝጋቴ በፊት ባዶ ቧንቧ የሚመስሉት ሁለቱ የሽፋን ፒኖች ቦታቸው መኖራቸውን አየሁ። እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌው ጓርኒሲዮን ጋር ተጣብቀው የሚጣሉ ናቸው።

ዕቃ ለሚፈታ ሰው አንድ ልማድ እመክራለሁ። ከዘንግ ላይ የሚወጣውን ሁሉ፣ እንደወጣ በቅደም ተከተሉ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ሽቦ ላይ ሰኩት። ፊቱ ወደየት እንደነበረም ሳይገለበጥ ይቀመጣል። የስልክ ፎቶ ጥሩ ነው፤ ግን ፎቶ አንዲት ሮንዴላ ከሀቡ ጀርባ በዘይት ተጣብቃ መውጣቷን አያሳይም። የፊቷ ሮንዴላ የምትጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሀቡን ስታወጡ ወይ ከሱ ጋር ትወጣለች፣ ወይ ቤቱ ላይ ትቀራለች፤ ሲታጠብ ደግሞ ገንዳው ሥር ትገኛለች። ስለዚህ ሀቡ እንደወጣ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ።

ጋሼ ሞተር ሳይክሉን ግቢ ውስጥ አስነስተው ፍሪሲዮን ይዘው አንደኛ አስገቡ። አልጠፋም፣ አልጎተተም። ዜሮ ማርሹንም በእግራቸው ጫፍ አገኙት። ዘይቱን በተመለከተ ለእሳቸው የነገርኳቸውን እዚህም ልድገመው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ለመኪና ተብሎ ፍትጊያን እንዲቀንስ የተዘጋጀ ዘይት አይስማማውም፤ ዲስኩን ያንሸራትተዋል። ቆርቆሮው ላይ ጄኤኤስኦ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ግዙ። እንዲህ ተፍቆ የቆየ ኢንጂን ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ አፍስሱት፤ በጨርቅ አጥልላችሁም የአሉሚኒየም ብናኙ መቆሙን እዩ። የጋሼን ዘይት ጥቂት ከነዱ በኋላ አብረን አፈሰስነው፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ብናኝ ለዓይን የማይሞላ ነበር።